የኮሌታ ልክ

የጋሽ ትርፌን ስፌት ቤትና የኔን ፎቶ ኮፒ ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። አሥራ አራት ዓመት የስፌት መኪናውን በዚያ በኩል ስሰማ ስለኖርኩ፣ ፊቱን ሳላይ እንዴት እንዳደረ አውቃለሁ። ድምፁ ረጅምና ያልተቆራረጠ ከሆነ እንቅልፍ ጠግቧል። ከተንደረደረ ቀጠሮ ደርሶበታል። ፔዳሉን እንደ ጠላቱ ከረገጠው ደግሞ ከእህቱ ጋር ተነጋግሯል ማለት ነው። ዘንድሮ ግን፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚጋፋበት ሰሞን፣ ከዚህ ሁሉ ያልሆነ ድምፅ መጣ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይልና ይቆማል። ወንበር ይንፏቀቃል። አራት አምስት እርምጃ። ዝም። ወንበሩ ይመለሳል። ጠቅ ጠቅ። ደግሞ ይቆማል። እስከ ምሳ ሰዓት እኔም ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩና የአንዱን ደንበኛ መታወቂያ ለሌላው ሰጥቼ ሰደድኩ።

ትርፌ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የሰፈሩ ስጦታ ነው። የማንንም ልክ ወስዶ ሲጨርስ ሜትሩን አንገቱ ላይ ይመልሳል፣ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል፣ ከዚያ ካሰመረው መስመር ጣት ያህል ወጣ ብሎ ሌላ ያሰምርና «ትርፍ ይኑረው» ይላል። አርባ ዓመት እንደዚያ ብሏል። የተማሪ ሱሪ ከሆነ እግሩን አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፎ ይቀመቅመዋል። ልጁ ሲመዘዝ እናትየው ይዛው ትመጣለች፣ ቅምቅማቱ ይፈታል፣ ሱሪውም አብሮ ያድጋል። በእኛ መንገድ ላይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል በአንድ ሱሪ የደረሱ፣ ዛሬ ቦርጭ ያወጡ ሰዎች አሉ። የሰፋ ነገር ይጠባል፣ ጠቦ የተሰፋውን ግን ከየት አምጥቼ ላስፋው ነው የሱ ክርክር። ተከራክሮ የረታውም የለም፤ ከእህቱ በቀር።

እህቱ ታላቁ ናት። ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች አብረው ይኖራሉ። ሰፈሩ እትዬ ማዞሪያ ይላታል። ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ፣ ጡረታ ወጥታም ሥራውን አልተወችውም፤ የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ቧንቧ እንደፈነዳ አሁንም በሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በሽታው ሲጀምራት ሰውነቷ እንደ ሳሙና ነበር የሟሟው። ያኔ ጋሽ ትርፌ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋላት፤ በያኔው ሳይሆን በድሮው ልኳ፣ ያውም ግራና ቀኝ አራት አራት ጣት ትቶ። ትመለሺያለሽ፣ ያን ጊዜ ልክሽ ይሆናል አላት። እሷ ግን ዳነች እንጂ አልወፈረችም፤ ቀጥና ደህና ሆነች። አጥብብልኝ ብላ ቀሚሱን ስፌት ቤት ካመጣችው ሁለት ዓመት አልፎታል። እስካሁን ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ነው። በጠየቀችው ቁጥር «ይቆይ» ይላታል። እሷም ደንበኛ እየሰማ «ለማን ነው የምታቆየው? እኔ እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ አላድግ» ትለዋለች።

ኮሌታ ደግሞ ድመታቸው ናት። ግራጫ ሆና አንገቷ ዙሪያ ብቻ ነጭ ነው፤ ነጭ ብቻም አይደለም፣ ተተኩሶ የዋለ ነው የሚመስለው። ቤቷ ከመኪናው እግር ሥር ያለው የቁርጥራጭ ቅርጫት ነው። እሷ ስትተኛ ጋሽ ትርፌ ቁራጭ ሲፈልግ ከሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ከሌለም ከአዲስ ጨርቅ ይቆርጣል እንጂ አይቀሰቅሳትም። ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሰፋ የሚያወራው ከሷ ጋር ነው፤ በኮምፔንሳቶው በኩል ስሰማ ስለ ዚፕ ሳይቀር ያማክራታል።

ታዲያ ይቺ ድመት ውሃ መጠጣት ጀመረች። መጠጣት ብቻ ቢሆን ማን ነገሬ ይለው ነበር፤ ልብስ ሲተኮስ የሚረጨውን ውሃ ከነሳህኑ ጨረሰችው። የምትሸናበት አሸዋ በቀን ሁለቴ ይርሳል። እንደ ሠርገኛ እየበላች ትከሳለች። በመጨረሻም የኋላ እግሮቿን እስከ ተረከዝ መሬት አስነክታ፣ ጫማው እንደሰፋው ሰው እየተጎተተች መሄድ ጀመረች። ጋሽ ትርፌ እርጅና ነው አለ። እትዬ ማዞሪያ አንድ ቀን ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች፣ ሳህኑን አየች፣ ድመቷን አየች፣ ድመቷም እሷን አየቻት።

«ስኳር ነው» አለች። «የኔው ነው።»

ስኳር የሰው በሽታ ነው አላት። አንቺ እንደሆንሽ ስኳር ያላስያዝሽው ጎረቤት የለም፣ አምና ፖስተኛውን አስይዘሽው አልነበር ወይ አላት። ለነገሩ ፖስተኛውም ተመርምሮ ተገኝቶበት ነበር፤ ይህን ልትነግረው ስትል ፔዳሉን ረገጠ። በማግስቱ ግን ሱቁን ዘግቶ፣ ኮሌታን ከነቅርጫቷ አቅፎ የእንስሳት ሐኪም ቤት ሄደ።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ቦት ጫማ የምታደርግ፣ ንግግሯ ቁጥብ። የድመቷን ዕድሜ ስትጠይቀው፣ ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርሙን ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ የለወጠበት ዓመት ነው የመጣችው ብሎ ቆጥሮ አሥራ ሁለት አላት። ደም ተወሰደ፣ ሽንት ታየ። ስኳር ነው። ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፣ ከበላች በኋላ፣ ጎኗ ላይ ቆዳዋን ሳብ አድርጎ፣ አንድ ዩኒት። ዩኒት ማለት ሲሪንጁ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ብልቃጡ አይናጥም፣ በመዳፍ መካከል ይንከባለላል እንጂ። ካልበላች አይወጋም፣ ይደወላል። ከደከመች ወይም ከተንገዳገደች ድዷን ማር ቀብቶ ወዲያው ማምጣት ነው። እህቴ የምትወጋበት ሲሪንጅ ቤት ሞልቷል ሲላት በፍጹም አለችው፤ የሰው መድኃኒትና የድመት መድኃኒት ጥንካሬያቸው ስለሚለያይ መስመሮቻቸውም ይለያያሉ። የዚያን ዕለት ራሷ ቀድታ ሰጠችው፤ እሱ መውጋቱን ብቻ ወጋ። ኮሌታ ቀና ብላም አላየችው።

ቤት ሲመለሱ እትዬ ማዞሪያ ግማሽ ኮርታ ግማሽ ተቀይማ ጠበቀችው። የኮራችው በምርመራዋ ነው። የተቀየመችው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያስታመመችው በሽታ ለድመትም የሚሰጥ ሆኖ በመገኘቱ። ቢሆንም እጄ ለምዷል፣ እኔ ልውጋት አለችው። እሱ ግን አርባ ዓመት በመርፌ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፣ መርፌ የሚይዝልኝ አልፈልግም አላት። የድመቷን ብልቃጥና የሲሪንጅ ሳጥን በቀይ ክር አሰረ፣ የእህቱን በሰማያዊ። ማቀዝቀዣው ውስጥም ራቅ ራቅ አድርጎ አስቀመጣቸው።

ያ ቁጭ ብድግ የተጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ስልሳ ዩኒፎርም ተቆርጦ ተከምሮ፣ ጋሽ ትርፌ አሥር ስፌት ይሰፋና ይነሳል። ተነሥቶ ቅርጫቱን ያያል። ትተነፍሳለች። ይቀመጣል። በደንብ ነው ወይ የተነፈሰችው ብሎ ይነሳል። ሳህኑ ላይ የውሃውን ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርጎ በየሰዓቱ ይለካዋል። ቀን፣ የበላችው፣ የጠጣችው፣ የተወጋችበት ሰዓት የሚል ቅጽ አዘጋጅቼ ሠላሳ ኮፒ አነሣሁለት፤ የደንበኞቹ ልክ በተሰካበት ሰሌዳ ላይ ሰካው። አንዲት እናት የልጇን ወገብ ልፈልግ ብላ ያነበበችው የኮሌታን ሽንት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ ታየ። ውሃው ቀነሰ። አሸዋው ደረቀ። ተረከዟንም ትንሽ አነሣችው። ጋሽ ትርፌ በየሱቁ እየዞረ አወራ። መኪናው ሁለት ቀን ሙሉ ረጅሙን ሮጠ፤ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ሳልሳሳት ዋልኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ መኪናው ቆመ፤ ወንበሩ ግን አልተንፏቀቀም። ወደቀ። ሮጬ ገባሁ። ኮሌታ ከቅርጫቷ ወጥታ መሬት ላይ ናት። ልትቆም ትሞክራለች፣ እግሮቿ በየፊናቸው ይሄዳሉ፣ ዓይኗ ተከፍቶ ማንንም አያይም። ጋሽ ትርፌ እላይዋ ላይ ቆሞ መቀሱን እንደያዘ ቀርቷል። እትዬ ማዞሪያ ከጓዳ ማር ይዛ መጣች፣ መሬት ተቀመጠች፣ በጣቷ ድዷን ቀባቻት፣ ደግማ ቀባቻት። ስኳሯ ወርዷል፣ አውቀዋለሁ፣ እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር እያለች፣ ድምፅዋ እንደ ድሮ ሥራዋ እርግት ብሎ። ታክሲ ጠራሁ።

ታክሲው በር ላይ ሲደርስ ነው ጋሽ ትርፌ አፉን የከፈተው።

«ሲሪንጁን ቀላቅለሽብኛል» አላት። «ያንቺን እዚያ ሳጥን ውስጥ ከተሽዋል። እኔ እንደሆነ ከአንድ መስመር አላለፍኩም።»

እትዬ ማዞሪያ ከመሬት ተነሣች። ማር የነካ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሠላሳ ዓመት መስመር ሳገናኝ ኖሬያለሁ» አለችው። «አንድ ቀን አላሳሳትኩም።»

ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በኃይል አይደለም። በኃይል ብትዘጋው ይሻለን ነበር።

ሐኪሟ ለኮሌታ ስኳር ያለበት ውሃ በደም ሥሯ ሰጠቻት። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እሱ አልተቀመጠም፤ የግድግዳው ሥዕል ላይ ያለውን የላም አጥንት ሁሉ ቆጥሮ ጨረሰ። በኋላ ኮሌታ አንገቷን አነሣችና አዛጋች። ጋሽ ትርፌም ያኔ ወንበር አገኘ። ከዚያ ለሐኪሟ ጉዳዩን አስረዳ፤ እህቴ ሲሪንጅ ቀላቅላብኝ ነው አለ። ሐኪሟ አልሆነም አለችው። የእህትዎ ሲሪንጅ ቢሆን ኖሮ እዚያች መስመር ድረስ የሚይዘው መድኃኒት ያንስ ነበር እንጂ አይበዛም፤ ድመቷ ደግሞ የታመመችው በዝቶባት ነው። ይህን ብላ ባዶ ሲሪንጅና ውሃ የያዘ ብልቃጥ አቀረበችለት።

«እስቲ እንዴት እንደሚቀዱ ያሳዩኝ ጋሼ።»

ጋሽ ትርፌ መነጽሩን አወረደ። ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣ። በእውነት የሚያምር እጅ አለው፤ አይንቀጠቀጥ፣ አይቸኩል። ውሃውን ሳበ፣ አንዷ መስመር ላይ ቁጭ አደረገው። እንዲያ ያለ ልክ አይቼ አላውቅም። ከዚያ አውራ ጣቱ፣ በራሷ ፈቃድ የምትሄድ ይመስል፣ ትንሽ ተንሸራተተች። ከመስመሩ ወጣ። የፀጉር ያህል፣ ምናልባት የሁለት ፀጉር ያህል።

«ይቺስ?» አለች ሐኪሟ።

«ትርፍ ናት» አለ።

ለደንበኛ እንደሚለው፣ ያለ ሐሳብ ነው ያለው። ብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሰማው። አየኝ፤ እኔ የላሟን አጥንት አየሁ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። አንድ ላይ ግማሽ ጨመሩ ማለት ነው፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ለማትሞላ ድመት ብዙ ነው አለችው። መጀመሪያ ስኳሯ ከፍ ያለ ስለነበር ችላው ነበር፤ እየተሻላት ስትመጣ በዛባት። ለምን ጨመሩ ብላ ስትጠይቀው፣ ቶሎ እንድትመለስ ነው ሊላት ጀመረና አልጨረሰውም።

«ይሄ ጨርቅ አይደለም ጋሼ» አለችው። «አንዴ ከገባ አይፈታም።»

ደጋግሞ እንዲቀዳ አደረገችው። መስመሩ ላይ ያቆመዋል፤ ጣቱ ትወጣለች። አሥር ጊዜ ቀዳ። ሰባተኛዋ ልክ ሆነች፣ በስምንተኛው መልሳ ወጣች። ላብ አጠመቀው። አርባ ዓመት ያስተማራትን ጣት በአንድ ቀን ተይ ቢላት እንዴት ትስማው። በመጨረሻ ሐኪሟ ሲሪንጁን በቀስታ ከእጁ ወሰደች። የዛሬ ማታው ይዝለላት፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ዩኒት ትጀምር፤ ነገር ግን ልኩን የሚጠብቅ ሰው ካልተገኘ ቤት ያለውን መድኃኒት መልሰው ያመጡልኛል፣ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነች ላትነሣ ትችላለች አለችው። ሌላ ሰው አለ ወይ ስትል ወደ እኔ ዞረ። እኔ መርፌ ማየት አልችልም፤ የደም ምርመራ ወረቀት ኮፒ ሳነሣ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ያን ጊዜ ሐኪሟ፣ እህት አለችኝ ብለውኝ አልነበር አለችው።

«አለችኝ» አለ ኮሌታን እያየ። «ነበረችኝ።»

ከሰዓት በኋላ በኮምፔንሳቶው በኩል የሰማሁትን ሥራዬ ብዬ ብቆጥረው ኖሮ አብድ ነበር። ወንበር። እርምጃ እስከ ጓዳ በር። ዝም። እርምጃ ወደ ኋላ። ወንበር። ጠቅ ጠቅ። ደግሞ እርምጃ። አንድ ጊዜ የእህቱን በር ሲያንኳኳ የሰማሁ መሰለኝ፤ ለካ የመተኮሻውን ጠረጴዛ ነው በጣቱ የሚመታው። ሁለት እናቶች ዩኒፎርም ፈልገው መጡ፤ ነገ ነገ እያለ መለሳቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝም አለ። ከዚያ የስፌት መፍቻ ክር ሲበጥስ ሰማሁ፣ ጥስ፣ ጥስ፣ ጥስ፣ ረጅም ጊዜ። ቀጥሎ መቀስ። እኔ የጋሽ ትርፌን መቀስ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ካሰመረው ወጣ ብሎ ነው የሚሄደው፣ አጭር አጭር አድርጎ እየተጠነቀቀ። ይሄ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ግራና ቀኝ።

ሱቄን ስዘጋ አሻግሬ አየሁ። ከበሩ ኋላ ያለው ሚስማር ባዶ ነው። ኮሌታ ቅርጫቷ ውስጥ አዲስ፣ ሰማያዊ ቁርጥራጭ ላይ ተኝታለች።

ሌሊቱን እንቅልፍም አልያዘኝ፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስፌት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ጋሽ ትርፌ የድመቷን ምግብ አቅርቦ፣ ቀይ ክር የታሰረበትን ብልቃጥ በሁለት መዳፉ መካከል ያንከባልላል። የሚንከባለል ነገር ባይኖር እጁን የት እንደሚያደርገው እንጃ። ሰዓቱን ያያል፣ የጓዳውን በር ያያል። ኮሌታ ትበላለች።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ማዞሪያ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። ማታ የበሯ እጀታ ላይ ሰቅሎላት ኖሯል። ዘጠኝ ዓመት ጆንያ ሆኖ የኖረ ቀሚስ እንደ ጓንት ገጥሟታል፤ ወገቧ የት እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እጇን ታጠበች። መጥታ መዳፏን ዘረጋች። ብልቃጡን ሰጣት። ሲሪንጁን ቀይ ክር ካለበት ሳጥን አወጣች፣ ቀዳች፣ ነፋሱን አስወጣች፣ ወደ መስኮቱ አነሣችው።

«መስመር ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እታለም» አላት።

ከሲሪንጁ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ግን ወደሱ አስጠጋችው።

«ልክ ነው?» አለችው።

መነጽሩን አወረደ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ በዚህ ዞሮ አየ፣ በዚያ ዞሮ አየ። አውራ ጣቱ ባዶ አየር ላይ ስትንቀሳቀስ አየኋት፤ በሌላው እጁ ጨበጣት።

«ልክ ነው።»

ቆዳዋን ሳብ አድርጋ ወጋቻት። ኮሌታ መብላቷን አላቆመችም። እሱ ቅጹ ላይ ሰዓቱን ጻፈ፤ ቁጥሩ ከሰንጠረዡ መስመር ወጣበት። እትዬ ማዞሪያ እፎይ ብላ የደንበኛ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ከጎኗ አንድ ክር ጥስ አለ። ወዲያው ቀና አለች።

«ጠቦኛል» አለች።

ጋሽ ትርፌ በልማድ ሜትሩን ከአንገቱ ሳበ፣ ወደ ጎኗ ዞረ፣ ስፌቱን በሁለት ጣቱ ገልጦ ፈለገ። ቆመ።

«ከየት ልልቀቅልሽ» አላት። «ትርፉን እኮ ቆርጬዋለሁ። ኮሌታ ተኝታበታለች።»

እትዬ ማዞሪያ ወደ ቅርጫቱ አየች። ድመቷ በልታ ጨርሳ ወደ ሰማያዊው ቁርጥራጭ እየወጣች ነበር፤ ተረከዟን አንሥታ።

«ተወው» አለችው። «ቆሜ እለብሰዋለሁ።»